በወተት የታጠበ እጅ

እኛ መርሳ ቦይ ዳር የቲማቲም ችግኝ ሲተከል የመጀመሪያውን መስመር እጁ የሚቀና ሰው ይተክላል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ይጠሩኛል፤ ቢስሚላህ ብዬ ችግኙን አንድ በአንድ አስቀምጬ ሥሩን በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አደርጋለሁ። ቀሪውን ባለማሳው ይጨርሳል።

ሁለት በጋ ተከታትሎ እኔ የነካሁት ማሳ ተበላሸ። ቅጠሉ ዥጉርጉር ይልና ይኮማተራል፣ ፍሬው ያንሳል። ከቦዩ ማዶ ያለችው ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ልጆቿን የምታሳድገው በቲማቲም ነው፤ የሷንም ማሳ የጀመርኩላት እኔ ነበርኩ፤ ምርቱ ቀረ። እኔ ዘሩን ሰደብኩ፣ ውሃውን ሰደብኩ።

ከሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከል አንዲት ባለሙያ መጣች፤ ልጅ እግር ናት። ቅጠሉን ትታ እኔን ታየኝ ጀመር።

«አባባ፣ በጣትዎ የያዙት ምንድን ነው?»

«ሱረት ነዋ። ልስጥሽ?»

«በዚሁ እጅ ነው ችግኙን የሚነኩት?»

«ታዲያ በአፍንጫዬ ልትከል?»

ሳቀች። ከዚያ ነገረችኝ። ሱረት የሚሠራበት ትምባሆና ቲማቲም ዘመዳሞች ናቸው አለች። ትምባሆን የሚያሳምም ቫይረስ የሚባል በዓይን የማይታይ ነገር አለ፤ ትምባሆው ደርቆ ቢወቀጥም ቫይረሱ አይሞትም፤ በጣት ላይ ሆኖ ወደ ቲማቲሙ፣ ከዚያም ከተክል ወደ ተክል ይሻገራል።

ተቆጣሁ። አገር የመረቀውን እጅ! «አላምንም፤ አሳዪኝ» አልኳት።

እሷም አልፈራችኝም። ሁለት መደብ አዘጋጀን። አንዱን እንደ ልማዴ ሱረቴን ወስጄ ነካሁት። ሌላውን በሳሙና ታጥቤ፣ እጄን ወተት ውስጥ ነክሬ ተከልኩት። ወተት ቫይረሱን ያስረዋል አለች። ሚስቴ በር ላይ ቆማ፣ «አንተ ሰውዬ፣ በስተርጅና ልትሞሸር ነው?» አለችኝ።

ሳምንታት አለፉ። በወተት የነካሁት መደብ ለምለም ሆነ። የልማዴ መደብ ዥጉርጉር አለ። ራሴ ነቅዬ አቃጠልኩት።

«ይኼ እርኩስ ምን ዓይነት ፍጡር ነው?» ስላት፣ ባለሙያዋ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

«አባባ፣ የታሸገ ደብዳቤ በሉት። ቅጠሉ ውስጥ ይገባና ‹እኔን አባዛኝ› ይለዋል። አሁን ተመራማሪዎች ደብዳቤውን ከፍተው ሌላ ቃል ይጨምሩበታል፤ ‹ይህን መድኃኒት ሥራ› የሚል። ቅጠሉም ይታዘዛል። ከዚያ ቅጠሉን ጨምቀው መድኃኒቱን ያወጡታል።»

«ይኸው የኔው ቫይረስ?»

«ይኸው የእርስዎ።»

«እዚህ ይሠራል?»

«ገና ነው። በተዘጋ ቤት፣ በብዙ ጥንቃቄ የሚሠራ ነው። እኔ ግን ልማረው እያመለከትኩ ነው።»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ደብዳቤ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ቀን ቦይ እየጠረግሁ ሳስበው ዋልኩ። ያ እርኩስ እንኳ ቃሉን አርመውለት ለበሽተኛ ከዋለ፣ እኔ ጣት መታጠብ ያቅተኛል?

ወደ ጎረቤቴ ተሻገርኩ። መቀመጫ ብትሰጠኝም አልተቀመጥኩም። «ማሳሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በዚህ እጄ» አልኳትና ሁሉንም ነገርኳት። መቀመጫውን ወደ ግድግዳው መለሰችው። ዘንድሮ ካልጠራችኝ ሌላውም እንደማይጠራኝ አውቄያለሁ።

«አባ» አለች፣ «የጠራሁዎት እኔው አይደለሁ? ዘንድሮም ይመጣሉ። ወተቱ ከኔ ላም ነው።»

ሱረቱን ተውኩ ብዬ አልዋሽም። ችግኝ በምነካበት ቀን ግን የሱረት ዕቃዬን ለሚስቴ ሰጥቼ ነው የምወጣ፤ እሷም ደስ እያላት ትደብቀዋለች።

የተከላው ዕለት ጎረቤቴ ወተቱን በጣሳ ይዛ ማሳው ዳር ጠበቀችኝ። እጄን ነክሬ ቢስሚላህ ልል ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ቆይ፣ ጥፍርዎን ያሳዩኝ።»

እንደ ተማሪ ዘረጋሁላት። አገላብጣ አየችና፣ «በሉ ይትከሉ» አለችኝ።