ማር የማያድርበት ቤት

እኛ ቤት ማር አያድርም ነበር። አባቴ በአምባሰል ተዳፋት ላይ በንብ የታወቀ ሰው ነበር፤ ቀፎ ሲሠራም ማር ሲቆርጥም እጁ የተባረከ ነው ይሉታል። ግን ጠዋት የተቆረጠው ማር ማታ አረቄ ቤት ነው። ማር ብቻም አይደለም። የዶሮዋ እንቁላል፣ የደረቀው በቆሎ፣ የበሰለው ዘይቱን፣ ሁሉም አደረ ማለት ተሸጠ ማለት ነው። ስለዚህ እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለሦስት ልጆቿ ያስተማረችው ትልቁ ጥበብ "አሁኑኑ ብሉት" የሚል ነበር። በቆሎውን ገና ወተት ሳለ እንጨርሰዋለን። ዘይቱኑን አረንጓዴ ሳለ በጨው እንቆረጥመውና ሆዳችንን ይዘን እንንከባለላለን። ጎረቤት "እነዚህ ልጆች ሆዳም ናቸው" ይላል። ሆዳም አልነበርንም፣ ብልጦች ነበርን። ነገ የአባታችን ነበረች፤ የእኛ ዛሬ ብቻ ነበረች።

ከዚያ ቤት ሦስታችንም ሦስት ዓይነት ጭንቅላት ይዘን ወጣን። ታላቅ ወንድሜ ሐይቅ ከተማ ባጃጅ ይነዳል፤ ቁርስ ላይ የገዛውን ስልክ ምሳ ላይ ይለውጠዋል፣ ማታ ደግሞ የድሮው ይሻል ነበር ይላል። ታናሽ እህቴ የእሱ ተቃራኒ ናት። ጅዳ ሆና በድምፅ መልእክት "ቀዩን ቀሚስ ልግዛ አረንጓዴውን?" ትለኛለች፤ ቀዩን ስላት "አረንጓዴው ምን አደረገሽ?" ትላለች። እኛ ቤት "ይሄ ይሻለኛል" ያለ ልጅ አባታችን ሰክሮ ሲገባ የመጀመሪያውን ጥፊ ይቀምስ ስለነበር መምረጥን ራሱን ፈራችው። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችልም። በቃ አልችልም።

አግብቼ ሐይቅ ከመጣሁ በኋላ እኔም እንደ አባቴ ንብ ያዝኩ። ጓሮዬ ሐይቁን ያያል፤ አራት ዘመናዊ ቀፎ አለኝ። በየዓመቱ ታዲያ መስቀል ባለፈ ማግስት፣ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ፣ ቢላዬን ስዬ እነሳለሁ። ማር የሚበስለው ንቦቹ ራሳቸው በሰም ሲከድኑት ነው። ሳይከደን የተቆረጠ ማር ውሃ ያዘለ ስለሆነ ትንሽ ቆይቶ ይፈላል፣ አረፋ ያወጣል፣ የጣሳውን ክዳን ይገፋል። ይህን የንብ አርቢ ልጅ ሆኜ አጣሁት? አላጣሁትም። ለሰው ሲሆን "የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል" እያልኩ የምመክረው እኔ ነኝ። ማወቅ ሌላ፣ እጅ ሌላ።

"ያንቺ ንቦችማ ጠጅ ነው የሚጥሉ" ትለኛለች ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ፤ "ለእኛ ለሙስሊሞቹም የሚሆን ትንሽ አስቀሪልን እንጂ!" ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ፤ ቤት ገብቼ ግን እናደዳለሁ።

አባቴ ታሞ ደሴ ሆስፒታል ከገባ በኋላ አረቄን ተወ። ሲወጣ ማን ይውሰደው የሚል ጉባኤ ተቀመጥን። ወንድሜ ወዲያው "እኔ!" አለ፣ ማታ ላይ "ቤቴ ጠባብ ነው" አለ። እህቴ በስልክ "እናንተ ያላችሁት ይሁን" አለች። እኔ እንደ ልማዴ ፊቴ ያገኘሁትን አነሳሁ።

ለክትትል ጤና ጣቢያ ስወስደው አንዲት ነርስ የእሱን ጉዳይ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺስ እንዴት ነሽ?" አለችኝ። እኔ አልጠጣም አልኳት። "እሱን አይደለም" አለች። "ጠጪ ባለበት ቤት የሚያድግ ልጅ አእምሮው የቤቱን ፀባይ ይማራል። ቃል በማይከበርበት ቤት ፊት ያለውን መንጠቅ ሞኝነት አይደለም፣ መትረፊያ ነው። ችግሩ አደጋው ካለፈ በኋላም እጅ መንጠቁን አለመተዉ ነው። ግን የተማረ አእምሮ እንደገናም ይማራል፤ ቀስ ብሎ ነው እንጂ።" ቀስ ብሎ የሚለው ቃል ለእኔ ስድብ ነው። ይሁን እንጂ መንገዱን ሙሉ አባቴን ረስቼ ስለ ራሴ ሳስብ ተመለስኩ።

አምና መስከረም ላይ አባቴ ቀፎዎቹን ዞሮ ዞሮ አየና "ኸኅዳር ሚካኤል በፊት እንዳትነኪያቸው" አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ ያልኩት ለማሩ ብዬ አልነበረም። ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ። ያን ሰሞን ዳቦ ስሰጣት ሳታኝክ ስትውጠው፣ የተረፈውን ከእኔው ዓይን ሰውራ ትራስ ሥር ስትከተው አየኋት። ይህች ልጅ ረሃብ አታውቅም፤ አባቷ ሚኒባስ ነጂ ነው፣ ለአመል ያህል እንኳ ብርጭቆ አያነሳም። ከማን እንደተማረችው ለመጠየቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። እጆቼን እያየች ነው ያደገችው። አባቴ ባለበት ቤት ማር ማሳደር ከቻልኩ የእኔ ጭንቅላት እኔው ጋ ይቀራል፣ ካልቻልኩ ግን ወደ እሷም አለፈ ብዬ ከራሴ ጋር ተወራረድኩ።

ጥቅምት ሊገባደድ ሲል አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ አባቴ የማር ባልዲዬን ይዞ በታችኛው በር ሲወጣ ከሩቅ አየሁት። ባለ ክዳኑን ባልዲ። ወደ ከተማው አቅጣጫ ሄደ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ። የገዛሁትን ሽንኩርት የት እንደጣልኩት አላውቅም። ማጨሻውን ለኮስኩ፣ ቢላዋውን አነሳሁ፣ የመጀመሪያውን ቀፎ ከፈትኩ። የወሰደውን ወስዷል፣ የቀረውን ልቁረጥና ላትርፍ ነው። ይህን ሳስብ ደግሞ እያሰብኩ ያለሁ አይመስለኝም፤ እጄ ራሱ ነው የሚሠራው። አንዱን የማር እንጀራ ብድግ ሳደርገው ከበደኝ። ግማሹ በነጭ ሰም ተከድኗል፣ ግማሹ ገና ክፍት ነው፣ ያብለጨልጫል። የዚያኑ ቀፎ ሌሎች እንጀራዎችም አየሁ። የጎደለ ነገር የለም። "እንግዲያ ከሌላኛው ቀፎ ወስዶ ነዋ!" አለኝ ውስጤ። እውነትም ሦስት ቀፎ ይቀር ነበር፤ አልከፈትኳቸውም።

እዚያው ቆምኩ። አንድ ንብ አውራ ጣቴን ነደፈችኝ። ነርሷ ያለችውን አስታውሼ ጠቢብ ሆንኩ ብል ውሸት ነው። ትዝ ያለኝ የአረንጓዴ ዘይቱን ጣዕም ነው፣ ያ የሚያንቀው፣ ምላስን የሚያደርቀው። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ የበሰለ ነገር በራሴ እጅ ቆርጬ አላውቅም። በጣም ተናደድኩ፣ በአባቴ ሳይሆን በዘይቱኑ። ቢሸጠውም ይሽጠው፣ እኔ ያልበሰለ አልበላም አልኩ፣ ጮክ ብዬ። እንጀራውን ወደ ቦታው መለስኩ፣ ቀፎውን ከደንኩ፣ ቢላዋውን ሣር ላይ ወረወርኩት።

አባቴ ሲመለስ ባልዲው አመድ ሞልቷል። ዳቦ ቤት ሄዶ ለምኖ ያመጣው ነው። "ጉንዳን ጀምሯቸዋል" እያለ መጥቶ ጭሱን አየ፣ ቢላዋውን አየ፣ እኔን አየ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ገብቶታል።

"ቆረጥሽው?" አለ።

"አልቆረጥኩትም። መልሼ ከደንኩት።"

ቀፎው አጠገብ ያለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። "እኔ እኮ እጄ የገባ ነገር መልሼ አላውቅም" አለ። "አንቺ መለስሽው፣ የኔ እናት።" ከዚያ ሁለታችንም የቀፎዎቹን መቆሚያ እግሮች በአመድ ከበብናቸው። ያልተቆረጠ ማር አጠገብ ከአባቴ ጋር ስሠራ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነበር ስል አላፍርም።

ኅዳር ሚካኤል አልፎ ስንከፍተው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነበር። ማሩ በማንኪያ ሲያነሱት እንቢ ብሎ የሚጎተት፣ ወፍራም። ወንድሜ ባጃጁን አጥር ሥር አቁሞ ገና ሳይቀምስ ሁሉንም ደሴ ወስዶ ለመሸጥ ዕቅድ አወጣ። እሱ እንደሆነ እሱ ነው። እህቴ ግን በቪዲዮ እያየችን "ከሁለተኛው ቀፎ ይላክልኝ፣ ነጣ ካለው" አለች። ማንንም አልጠየቀችም። ስልኩን ወደ ሁለተኛው ቀፎ አስጠግቼ አሳየኋት። ጎረቤቴ ቀምሳ "ማሻአላህ፣ ዘንድሮ ንቦችሽ ሰለሙ!" አለች።

ለልጄ ከነሰሙ አንድ ቁራጭ ሰሃን ላይ አድርጌ ሰጠኋት። ግማሹን እየላሰች በላች። ከዚያ ቆመች፣ ሰሃኑ ላይ ሌላ ሰሃን ደፋችበት፣ ጠረጴዛው ላይ ለሁላችን በሚታይ ቦታ አስቀመጠችው። "የቀረውን ነገ እበላዋለሁ" አለችና ልትጫወት ሮጠች። አባቴና እኔ ተያየን።

ጠዋት ተነስቼ መጀመሪያ ያየሁት ጠረጴዛውን ነው። የላይኛውን ሰሃን አነሳሁት። ማሩ አለ፤ ጥርሷ የነከሰበት ሳይቀር እንዳለ አለ። በሩ ላይ ወጥቼ እልል አልኩ። አንድ ጊዜ ጀምሬው ማቆም አቃተኝ።

"ምን ተገኘ? ማን ወለደ?" አለች ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ።

"ማር አደረ!" አልኳት።

ነገሩ እንዳልገባት ከፊቷ ያስታውቃል። አባቴ ግን ጋቢውን እንደተከናነበ ከኋላዬ በሩ ላይ ቆሞ "አደረ" አለ፣ "እኛ ቤት አደረ።" ልጄ ዓይኗን እያሸች መጣችና ሁለታችንን ገፍታ ገባች፤ ማሯን ልትበላ።