ከበሮ መቺው ቁጥር

የዚህ አሮጌ ደብተሬ አንድ ገጽ ላይ የሎሚ ጠብታ የተወው ቢጫ ምልክት አለ። ሽታው ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ ለእኔ ግን ዛሬም ይሸተኛል።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ስማር ኮምፒውተራችን አንዲት ብቻ ነበረች። በተራ አሥር አሥር ደቂቃ እንቀመጥባት ነበር። የመጀመሪያው ፕሮግራሜ የአንድን ቁጥር አካፋዮች የሚፈልግ ነበር። መምህሩ አርባ ሺህን ሰጡኝ። ማሽኗ ከአንድ ጀምራ እያንዳንዱን ቁጥር ስትሞክር፣ ማራገቢያዋ እያጉረመረመ፣ ደቂቃዬ አለቀ።

የአባቴን ሥራ ያውቁ ነበርና በክፍሉ ፊት «የደብተራ ልጅ መቁጠር እንጂ ማሰብ አያውቅም» አሉ። «ነገ ካላሳጠርሽው ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ።»

አላለቀስሁም፤ ደስ አይበላቸው!

የዚያን ዕለት ከሰዓት አባቴ ሎሚ ይዘው ከዘጌ በጀልባ መጡ። በማኅሌት፣ ፊት ለፊት በቆሙ ሁለት ረድፎች መካከል፣ ከበሮ የሚመቱ ደብተራ ነበሩ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ አባት የሚደበቅ ነበር። ሐይቁ ዳር ተቀምጠን የሠላሳ ስድስትን አካፋዮች ጽፌ አሳየኋቸው። ሎሚ እየቆረጡ ብዙ ጊዜ አዩት።

«ማኅሌት እኮ ነው ልጄ» አሉ። «ሁለቱ ከአሥራ ስምንቱ፣ ሦስቱ ከአሥራ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመዋል። ይህን ካገኘሽ ያንን መፈለግ ለምን ያስፈልግሻል?»

ስድስት ጊዜ ስድስት ሠላሳ ስድስት ነው፤ ስለዚህ እስከ ስድስት መፈለግ ይበቃ ነበር! ከደስታዬ ብዛት ስድስትን ከስድስት ጋር አጣምሬ ጻፍሁ። አባቴ ሣቁ።

«ከበሮ መቺው መካከል ብቻውን ነው የሚቆም። ሁለቴ አትቁጠሪው።»

በማግስቱ ማሽኗ ገና ወንበሬ ሳይሞቅ ሁለት መቶ ላይ ደርሳ ጨረሰች። ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ወጣ፤ በራሱ ተባዝቶ አርባ ሺህ የሚሆነው ሁለት መቶ ብቻውን። መምህሩ ዝርዝሩን ደግመው አነበቡት።

«ከየትኛው መጽሐፍ ገለበጥሽው?»

ብዋሽ ይቀለኝ ነበር። «አባቴ ናቸው ያሳዩኝ» አልሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «የደብተራ ልጅ ነኝ!»

ቦታዬን ግን ማንም አልነጠቀኝም።

ሮጬ ወጣሁ። ዘበኛው ጥምጥማቸውን አይቶ ስለከለከላቸው፣ ከተማ ያደሩት አባቴ በሩ ላይ ፀሐይ እየመታቸው ይጠብቁኝ ነበር።

«ከበሮ መቺውን ብቻውን አቆምሽው?»

«አቆምሁት አባባ።»

ያቺን ማሽን አንድም ቀን ሳያዩ አረፉ። ዛሬም ዘጌ ማኅሌት ሲቆም ዓይኔ መካከሉን ይፈልጋል። ከበሮው ሌላ ሰው አንገት ላይ ነው።