ቦርሳ የጠበበው ታብሌት

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ቀሚሱ አልዘጋ ብሏት የምትመጣ ደንበኛ የምታገኘው መልስ ሁሌም አንድ ነው፤ "እኔ በልክሽ ነው የሰፋሁት፤ አንቺ ወፍረሽ ነው።" ተሳስቻለሁ ብላ አታውቅም፤ ብትሞትም አትል።

ሰሞኑን ግን ታብሌቷ አንጀቷን አሳረራት። ለደንበኞቿ መልእክት የምትጽፍበት ገመድ አልባ ኪቦርድ አልገናኝ ይላታል፤ ቤት ሞልታው የወጣችው ባትሪም ሱቅ ሳትደርስ ያልቅባታል። ብሉቱዙን አጥፍታ አብርታለች፤ ሁለቱን አለያይታ እንደ አዲስ አስተዋውቃቸዋለች። ወይ ፍንክች!

"አሮጌ ባትሪ ነው የሸጠልኝ፣ ይሄ ሌባ!" እያለች ሻጩን ስትራገም ጆሮዬን በላችው።

"እስቲ አምጪው፣ ልየው" አልኳት፣ አንድ ጠዋት ባትሪውን ሞልታ ከቤት ልትወጣ ስትል።

ታብሌቱን የምትይዝበትን ቦርሳ የሰፋችው ራሷ ናት፤ ስፖንጅ የገባበት፣ ሲያዩት የሚያስቀና። ታብሌቱና ኪቦርዱ ግን ውስጡ ተጣብቀው ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ታግዬ ሳወጣቸው ስክሪኑ በርቷል፤ የመልእክት መጻፊያው ላይም ከዳር እስከ ዳር "ጠጠጠጠጠ" ተጽፏል። ለካ ጠባቡ ቦርሳ የኪቦርዱን ቁልፎች ተጭኖ መንገዱን ሙሉ ያስጽፋቸዋል፤ ታብሌቱም ዓይኑን ሳይከድን የሁለቱም ባትሪ ያልቃል፤ ኪቦርዱ አልገናኝ የሚለውም ለዚህ ነው።

ይህንን ስነግራት አክስቴ ሜትሯን አነሳች፤ ቦርሳውን አየችው፤ ሜትሯን መልሳ አስቀመጠች።

"በልኩ ነው የሰፋሁት" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ጥግ ላይ ጋዜጣ የሚያነበው ባሏ ቀና እንኳ አላለም።

"ልክ ነሽ" አላት፤ "እሱ ወፍሮ ነው።"