የግራው ወንበር

በሰው መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ፣ መሪ መያዝ እንኳ ሳታውቁ፣ ሹፌሩን «ባዶ ነው፣ ይለፉ» ብላችሁት ታውቃላችሁ? ሀርጌሳ የኖረ ሰው ሳይል አይቀርም። ምክንያቱን ላስረዳ። እዚህ መኪና የሚሄደው እንደ አገራችን የመንገዱን ቀኝ ይዞ ነው። የአብዛኞቹ መኪኖች መሪ ግን ያለው በቀኝ በኩል ነው፤ መንገዱን በግራ ለሚይዝ አገር ተሠርተው፣ እዚያ አገልግለው የመጡ ናቸው። ስለዚህ ሹፌሩ የሚቀመጠው ከመንገዱ መሀል ርቆ፣ ከዳሩ አጠገብ ነው። ከፊቱ የጭነት መኪና ካለ፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን የሚያየው እሱ ሳይሆን በግራው ወንበር ያለው ሰው ነው። ጋቢና የገባ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያይና ይናገራል። ማንም አይገረምም።

እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ስናገር ኖሬያለሁ።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ትንሽ ነው። ተማሪዎቻችን ለሥራ ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች ልጆች ናቸው። አሥራ አንዱ የሚኖሩት ከከተማው ዳር፣ አያሃ በሚባል ሰፈር ነው፤ አባቶቻቸው ግንባታ ላይ፣ እናቶቻቸው ሰው ቤት ይሠራሉ። ከአያሃ እስከ ትምህርት ቤቱ ለሰባት ዓመት ልጅ በእግር የሚሞከር መንገድ አይደለም። የሚያመጣቸው አንድ ሚኒባስ ነበር። እኔ ልጆቹን ቆጥሬ አስገባና በግራው ወንበር እቀመጣለሁ።

ሹፌራችን ወደ ስልሳ የተጠጉ የዚሁ አገር ሰው ናቸው፤ ያደጉት ግን ድሬዳዋ ስለሆነ አማርኛቸው የድሬ ነው። እኔ «አዴር» እላቸዋለሁ፤ በሶማልኛ አጎቴ እንደማለት ነው። እሳቸው «ቲቸር» ይሉኛል። «እርስዎ» ማለቴ ግን አልዋጥ ብሏቸው ነበር። «አቦ፣ ስንት ሰው አድርገሽ ነው የምታወሪኝ? ወላሂ አንድ ነኝ» ይሉኝ ነበር። በወጣትነታቸው ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ሲነዱ፣ መኪና በፍጥነት ላይ ሆኖ ኩርባ ሲገጥመው፣ ድንገትም ማቆም ሲያስፈልግ እንዴት እንደሚያዝ ከውጭ በመጣ አሰልጣኝ ለሁለት ሳምንት ተምረዋል። ከሕይወታቸው ሁሉ የሚኮሩበት ይህ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ባለቤት ተጠባባቂ ሹፌር ያስፈልገናል ሲሉ እጄን ያወጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አዴር ሊያስተምሩኝ ተስማሙ። አርብ አርብ ጠዋት ከአየር ማረፊያው ባሻገር ወዳለው ሜዳ እንወጣለን፤ ባዶ የውሃ ላስቲክ ጠርሙሶች አሸዋ ሞልተን በሁለት ረድፍ ኩርባ አስመስለን እንደረድራለን። እሳቸው በግራው ወንበር፣ የወተት ሻያቸውን በብርጭቆ ይዘው ይቀመጣሉ። «ሻዬ ከተደፋ ሽርጤን አንቺ ነሽ የምታጥቢው» ይሉኛል። ሁለት ጊዜ አጥቤያለሁ።

ያስተማሩኝን በደብተር ጽፌ፣ ሥዕልም ስዬለት ነበር። ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ውስጥ አይደለም፤ ከኩርባው በፊት፣ ጎማው ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ጎማዎች ይጫናል፤ የኋላዎቹ ይቀላሉ። የቀለለ ጎማ መሬቱን በደንብ አይዝም፤ በዚያ ላይ መሪ ከተጠመዘዘ የመኪናው ጀርባ ይሾራል። እግር ፔዳሉን አይረግጥም፣ ይጨምቃል፤ ሲለቅም ቀስ ብሎ ነው። ቤንዚን የሚሰጠው መውጫው ከታየ በኋላ ነው። ከሁሉ በላይ የሚደጋግሙልኝ ግን ስለ ዓይን ነበር። «መኪና የሚሄደው ዓይንሽ ወዳለበት ነው፤ ጉድጓዱን ካየሽ ጉድጓድ ትገቢያለሽ፤ መውጫውን እዪ» ይሉኝ ነበር። ይህን ሁሉ ለአምስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ፣ ውሃ የሞላ ሳህን ጠረጴዛ ላይ እየገፋሁ አስረድቻለሁ። ማስረዳት ስወድ ማየት እረሳለሁ።

አንድ አርብ በኩርባው ሳልፍ በግራ በኩል ሁለት ላስቲክ ሲወድቅ ሰማሁ። አዴር ከወደቁት ላስቲኮች በኩል ተቀምጠው ሳለ «ንጹህ! አንድም አልነካሽም» አሉኝ። እያበረታቱኝ መሰለኝ፤ እኔም ደካማ ተማሪ ሲገጥመኝ የማደርገው ነው። በሚቀጥለው አርብ ራሳቸው ሊያሳዩኝ መሪውን ያዙ። ፍሬኑ እንደ ሐር ነበር፤ መዞሩም ያምራል። በግራ በኩል ግን ሦስት ላስቲክ ደፈጠጡ። ወርደው አዩና «ነፋሱ ነው የጣላቸው» አሉ። በእርግጥም ይነፍስ ነበር። እኔ በየላስቲኩ ሥር ድንጋይ አደረግኩ፤ በዘዴዬም ረካሁ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ልጆቹን ይዘን ስንመጣ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያስገባው የግራ መታጠፊያ ጋ ከመድረሳችን በፊት አንዲት ትንሽ ልጅ አስመለሳት። ፌስታል ልሰጣት ወደ ኋላ ዞርኩ። በዚያው ቅጽበት መኪናው ሲታጠፍ ተሰማኝ፤ ከልጆቹም አንዱ ጮኸ። አዴር ፍሬን ያዙ። መሪውን ቀጥ አድርገው፣ ጨምቀው፣ መጨረሻ ላይ ለቀቅ አድርገው፣ ልክ እንዳስተማሩኝ። ከግራ ጄሪካን የጫነ ጋሪ እየገፋች የመጣች ሴት ነበረች። ጋሪው ተገለበጠ፤ ውሃው ጎማችን ሥር ፈሰሰ። በሴትዮዋና በመኪናችን መካከል አንድ ስንዝር ቢኖር ነው። እሷ ሳትጎዳ ቆማ ስትሰድበን፣ አዴር ወደ እኔ ዞረው ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

«ለምን ዝም አልሽ?»

ለሴትዮዋ ይቅርታ ጠይቀን፣ ጄሪካኖቿን አንስተን፣ ልጆቹንም ክፍል ካስገባሁ በኋላ፣ ይህቺ ጥያቄ አልለቅ አለችኝ። ጋቢና የተቀመጠ ሰው የሚናገረው ሹፌሩ ሌላ መኪና ሲቀድም ነው። መታጠፊያ ላይ ማንም አይናገርም፤ ሹፌሩ ራሱ አንገቱን አዙሮ ያያል። እኔ ግን ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሳላውቅ በየመታጠፊያው ስናገር ነበር። እሳቸው «እህ?» ይላሉ፤ እኔ «ባዶ ነው» እላለሁ። ልማድ ነው ብዬ።

በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ ወደቆመው ሚኒባስ ሄድኩ። የማውቃት አንዲት ቀላል መፈተኛ ነበረች፤ ስለ ዓይን ሳስተምር ከልጆቹ ጋር የምሠራት። ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው እንዲሸፍኑ፣ አፍንጫዬን ብቻ እንዲያዩ፣ ጣቴ ሲታያቸው «አሁን» እንዲሉኝ ነገርኳቸው። «ሐኪም ደግሞ ሆንሽ አቦ?» አሉና ሳቁ። ግን ሸፈኑ። ጣቴን ከግራ ጆሯቸው አጠገብ ጀምሬ ቀስ እያልኩ ወደ ፊት አመጣሁ። ጉንጫቸውን አለፈ። ምንም አላሉም። ጣቴ የራሴ አፍንጫ ጋ ሲደርስ «አሁን» አሉ።

እንደገና እንሞክር አልኳቸው። ሸፈኑ። በዚህኛው እጄን አላነሳሁም፤ ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ጥቂት ቆዩና፣ ሰው ትክክል ይሆናል ብሎ የገመተውን መልስ በሚመልስበት ድምፅ «አሁን» አሉ።

መዳፋቸውን አወረዱና እጄ የት እንዳለ አዩ።

«ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ሁለት ረመዷን አለፈው» አሉ። ከዚያ ብዙ አወሩ። መጀመሪያ ጉም የመሰለ ነገር ነበር፤ ድካም ነው ብለው ተዉት። ቤታቸው ውስጥ ዘጠኝ ነፍስ አለ፤ ዘጠኙም የሚያየው ይህን መሪ ነው። ሐኪም ጋ ቢሄዱ የሚነገራቸውን ስለሚያውቁ አልሄዱም። በመጨረሻ ለመኑኝ፦ «አንቺ እዚያ እስካለሽ ዓይኔ ሁለት ነው። መንጃ ፈቃድ እስክታወጪ ብቻ ዝም በዪልኝ። ከዚያ ቁልፉን በእጄ እሰጥሻለሁ፣ ወላሂ።»

አራት ቀን ዝም አልኩ። ይህን ለመጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ሳይጻፍ ቢቀር ሌላው ሁሉ ውሸት ይሆናል። አራት ቀን አሥራ አንድ ልጆች አስቀምጬ፣ አንድም ጊዜ ወደ ኋላ ሳልዞር፣ በየመታጠፊያው «ባዶ ነው»፣ «ይቆዩ»፣ «ጋሪ አለ» እያልኩ መጣሁ። ልጆቹ ሲጠሩኝ አልመልስም ነበር። በአራተኛው ቀን ያቺው ትንሽ ልጅ እንደገና ሲያስመልሳት ልብሷ ላይ አስመለሰች፤ እኔ ዓይኔን ከመንገዱ መንቀል ስላልቻልኩ ማንም አልደረሰላትም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ለትምህርት ቤቱ ባለቤት ተናገርኩ።

አዴር ቁልፉን ሲያስረክቡ ወደ እኔ አላዩም። ሐኪም ጋ የወሰደቻቸው ልጃቸው ናት፤ የነገረችኝም እሷ ናት። የግራ ዓይናቸው ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን ገድሎታል፤ የጠፋው አይመለስም። ቀኙም ጀምሮታል። የታዘዘላቸው ጠብታ የሚያደርገው የቀረውን ለማቆየት መሞከር ብቻ ነው። ያኔ መጀመሪያ ላይ መጥተው ቢሆን ኖሮ አብዛኛው ይተርፍ ነበር ብለዋታል ሐኪሞቹ። ያኔ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር።

መናገሬ ትክክል የነበረ ይመስለኛል። ግን ከዚያ ወዲህ የተሻለ ነገር አላየሁም። ሌላ ሹፌር አልተገኘም፤ ሚኒባሱ ግቢው ውስጥ አቧራ ለብሶ ቆሟል። ከአያሃዎቹ ልጆች አሁን የሚመጡት ሦስት ናቸው፤ የሚያደርሷቸው ትልልቅ ወንድሞች ያሏቸው። ያስመልሳት የነበረችው ልጅ እናቷ ከምትሠራበት ቤት ትውላለች ብለውኛል። ወላጆቹ አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። የመንጃ ፈቃድ ፈተናውንም አልወሰድኩም። ደብተሬ ሙሉ ነው፤ ፍሬን የት እንደሚያዝ፣ ቤንዚን መቼ እንደሚሰጥ አውቃለሁ። አጠገቤ ተቀምጦ የሚያለማምደኝ ሰው ግን የለም።

ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሄድኩ። በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ከግራቸው በኩል ነበር የደረስኩት፤ ሰላምታዬን እስኪሰሙ ድረስ አላወቁኝም። ወደ ድምፄ ዞረው «ቲቸር፣ ልጆቹ ይመጣሉ?» አሉኝ።

«ይመጣሉ» አልኳቸው።

«አልሃምዱሊላህ» አሉ። ሌላ አልጠየቁኝም፤ እኔም ቶሎ ተነሳሁ።

ለእሳቸውም ሆነ ለልጆቹ የምሠራው አላገኘሁም። የቀረኝ እናንተን መለመን ነው። በየቀኑ የሚያጓጉዛችሁን ሰው፣ አባታችሁም ይሁን ባላችሁ ወይም የልጆቻችሁ ሹፌር፣ መኪናው ቆሞና ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። አንዱን ዓይኑን አስሸፍኑት፤ አፍንጫችሁን ብቻ እንዲያይ ንገሩት፤ ጣታችሁን ካልተሸፈነው ዓይን በኩል ካለው ጆሮው አጠገብ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ፊት አምጡ። ሌላኛውንም ዓይን እንዲሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ እጃችሁን ሳታነሱ ጠብቁ። ከተጠራጠራችሁ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ይዛችሁት ሂዱ፤ ደህና ቢመስላችሁም ምርመራው አይቅር፤ ጣት ሐኪምን አይተካም። የጣቱ ሙከራ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅባችሁም። እባካችሁ፣ ዛሬ ሞክሩት።