ከወራሪዎቹ ድምፅ ላይ የተጠረገ ሰው

ዊልፍ ፖኮክ ለንደንን በወረረበት ዓመት ሥራው በደትፎርድ ሰፈር ቤት ለቤት ከሰል ማደል ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ግንባሩን ከበር መቃን ጋር ሲያጋጭ የኖረ ረጅም ሰው ነው። የቴሌቪዥን ሰዎች ቁመቱን አይተው በአንድ ድራማ ላይ ከሌላ ዓለም ከመጡት ወራሪዎች አንዱ አደረጉት። ስድስት እሁድ ላስቲክ ለብሶ፣ እያላበውና እያሳለው፣ በወንዙ ዳር ተንገዳገደ። ፊቱ አልታየም። ድምፁም አልተሰማም፤ ለወራሪዎቹ የሚናገርላቸው ሌላ ሰው ነበር። መጨረሻ ላይ ስሞች ሲዘረዘሩም የእሱ የለም።

የምጽፈው ግን ስለ ሚስቱ ስለ ኢኒድ ነው። የትምህርት ቤት ምሳ አብሳይ ነበረች፤ እኔ ደግሞ ግድግዳ ተጋሪያቸው። ያኔ ፕሮግራም አንዴ ካለፈ አለፈ ነው፤ ማን ደግሞ ያሳይሃል? ስለዚህ ኢኒድ ከእህቷ ቴፕ መቅጃ ተዋሰች (እስከ ዛሬ አልመለሰችም)፤ ማይክሮፎኑን ወንበር ላይ አስደግፋ ቴሌቪዥኑ ፊት አቆመችው። ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ እኔም ሳህኔን ይዤ እሄዳለሁ። መተንፈስ እንኳ ክልክል ነው። ዊልፍ ግን መች አርፎ!

«ያውልሽ! ሁለተኛው እኔ ነኝ! አረማመዴን እይልኝ፣ የሰከረ ዳክዬ!»

«ዊልፍ፣ ዝም በል፣ እየቀዳሁ ነው!»

«ምድርን እየወረርኩ በገዛ ቤቴ መናገር ልከልከል?»

ከዚያ ይስቃል፤ ሳቁ ሳል ይሆናል።

በሦስተኛው ዓመት ያው ሳል ገደለው። የከሰል ብናኝ ነው፤ ሐኪሙ «ደረት» ብሎ አለፈው። ፎቶው አለ፤ ድምፁ ግን ከዚያ የቴፕ ክር በቀር የትም አልነበረም። ጣቢያውም የድራማውን ምስል አጥፍቶ ሌላ ነገር ቀዳበት። ኢኒድ በየዓመቱ በሞተበት ቀን በሯን ዘግታ ክሩን ትከፍተዋለች። በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። ለሃያ ሦስት ዓመት።

ከዚያ ናይጀል ትሬልፎል የሚባል መጣ። የድራማው ወዳጆች ማኅበር ጸሐፊ፣ ጫማውን በር ላይ የሚጠርግ ጨዋ ሰው። ምስሉ ስለጠፋ ድምፁን ከየሰው ቤት ይለቅማሉ። ኢኒድ ክሩን በሁለት እጇ አቀበለችው። ስትሰጠው ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ይቅርታ፣ ባለቤቴ ይለፈልፍበታል። በጣም ይቅርታ።»

እግራችንን ለረገጠን ሰው ይቅርታ የምንጠይቅ ሕዝብ ነን! ደረቷ ላይ አቅፋ የኖረችውን ነገር እንደ እድፍ ይቅርታ ጠየቀችበት።

«አይጨነቁ፣ ወይዘሮ ፖኮክ» አላት። «እናስተካክለዋለን።»

ያረጀውን ክር የሚጠግንላት መሰላት።

በስምንተኛው ወር አዲስ ካሴት ይዞ ተመለሰ። ፊቱ በርቷል። ከፈተው። ወራሪዎቹ ጥርት ባለ ድምፅ «ተንበርከኩ!» ይላሉ።

«ይስሙ፣ እዚህ ጋ አንድ ሰውዬ ያስልና ያወራ ነበር። አራት ወር ፈጀብኝ። አሁን ዱካውም የለ!»

«የድሮው ክርስ?» አልኩት እኔ።

«ቀድተን እንደጨረስን ተፈረፈረ፣ ጣልነው። ያልጸዳውንም ቅጂ ምን ያደርግልናል ብለን አጠፋነው።»

የማኅበሩ ሰዎች የላስቲኩን ቀለም፣ የራስ ቁሩን ብሎን ሳይቀር ቆጥረው ያውቃሉ እኮ። ውስጡ ማን እንደነበር ግን አንዳቸውም አልጠየቁም።

ኢኒድን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«በጣም ቆንጆ ነው፣ አቶ ትሬልፎል» አለች። «ብዙ ደክመዋል። ሻይ ይጠጣሉ?»

ሻይ! ሁለት ኩባያ ጠጣ። ብስኩትም አቀረበችለት።

በሩን ዘግቶ እንደወጣ ጮህኩባት። «ለምን አልነገርሽውም? ካሴቱን ፊቱ ላይ አትወረውሪበትም ነበር?»

«አራት ወር ለፍቷል፣ ሂልዳ። ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ።»

ይኼን መልስ እስከ ዛሬ አልተቀበልኩትም። ትህትና ይሉታል፤ እኔ የምለው አፍን በገዛ እጅ ማፈን ነው።

ቆይታ እጄን ያዘችኝ። «ሂልዳ፣ አንቺም ትሰሚው ነበር። ስሜን እንዴት ነበር የሚጠራው? እስቲ በይልኝ።»

«ኢኒድ» አልኩ፣ ድምፄን አወፍሬ።

እንዲያ አይደለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ዓይነት አድርጌ ደገምኩት።

«ተይው» አለች። «እኔም እየጠፋኝ ነው።»