እህቴ በክር ያመሳከረቻት መስመር

ጥር 24 ቀን ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቴ በሞት ስትለየን፣ በስፌት መኪናዋ ላይ አንድ እጅጌ የቀረው የሕፃን ሸሚዝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ባለቤቴ የእርግዝና መመርመሪያዋን ይዛ ወደ እሷ ሄዳ ነበር። ስድስት ዓመት የጠበቅናት ሁለተኛ መስመር በጣም ደብዝዛ ታየች። እህቴ መነጽሯን አድርጋ፣ መስመሯን ከአሥራ አራት ጥቅል ክር ጋር አስተያየች።

«ሮዝ ናት! አርግዘሻል!»

«እትዬ፣ ለእኔ ግራጫ ናት።»

«ቀለም ለእኔ ልታስተምሪ? መቼ አየሻት?»

«ጠዋት ተመርምሬ ረስቼው ወጥቼ፣ አሁን ለምሳ ስመለስ።»

«ወይ ጉድ! ከአምስት ደቂቃ በኋላ የወጣ መስመር እኮ አይታመንም! ነገ ጠዋት በአዲስ ድገሚው።»

በማግሥቱ መስመሯ በሰዓቷ ደምቃ ወጣች።

«ሮዝ ናት አላልኩም?» አለች እህቴ። ወዲያው ገበያ ሄዳ፣ ለሸሚዙ አራት ሮዝ ቁልፎች ገዝታ ተመለሰች።