የአባ አስር አውራ ጣት

ሰፈሩ «አባ አስር» ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው ከሥራቸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሽመላዎች ከሰሜን ወርደው ሐይቁ ላይ በሚከርሙባቸው ወራት፣ ጎሕ ሲቀድ የእንጨት ማማው ላይ ወጥተው ወፍ ቆጥረዋል። ወፍ ደግሞ አንድ በአንድ አይቆጠርም። መንጋው ካደረበት ደሴት ተነሥቶ ወደ ማሳው ሲያልፍ ዓይን አስር አስሩን ይከፍለዋል፤ አውራ ጣት ለየአስሩ አንድ ጊዜ በመዳፍ የምትያዘውን የመቁጠሪያ መሣሪያ ጠቅ ያደርጋል። ሲያበቁ በመቁጠሪያዋ መስኮት የወጣውን ቁጥር ቅጹ ላይ ጽፈው ወደሚያሠራቸው የዱር እንስሳት ቢሮ ይልካሉ። በአስር ማባዛቱ የቢሮው ፋንታ ነው።

ድሮማ ጉድ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ጣታቸው ውሃ ቋጥሮ ሚስታቸው በጨርቅ አሰረችላቸው። «ወፍ ቆጥሮ የቆሰለ ሰው እንኳን ላየው ሰምቼም አላውቅ!» እያለች ለጎረቤት ሁሉ አወራችው። ከዚያ ዝናቡ መዘግየት ጀመረ። ውሃው ከማማው እግር ሸሸ፤ በጀልባ ካልሆነ የማይደረስበት ደሴት በእግር የሚገባበት ሆነ፤ ውሻም ቀበሮም በእግሩ ገባበት። ከወዲያ፣ ከሰሜኑ በኩል ደግሞ ብርዱ ለዘብ ስላለ ብዙዎቹ ሽመላዎች መንገድ ላይ ይቀራሉ አሉ። ብርድ ካላባረራቸው ምን ያንከራትታቸዋል? የሚመጡትም ዘግይተው ይመጣሉ፣ ሳይጠግቡ ይሄዳሉ።

አባ አስርም ደከሙ። ጉልበታቸው ብቻ አይደለም የደከመው። ከዓመት ዓመት እንግዳው እያነሰ የሚሄድ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ መጠበቅ ያደክማል።

ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር ሲቀራቸው ከቢሮው ደብዳቤ መጣ። ሚስታቸው መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበች። የሽመላዎቹ ቁጥር ካለፉት ስድስት ዓመታት ወዲህ አገግሟል፤ ባለፈው ዓመት ሦስት ሺህ አራት መቶ ተቆጥሯል፤ ስለዚህ ከሐይቁ በፓምፕ ውሃ ለመሳብ የቀረበው ጥያቄ ወፎቹን እንደማይጎዳ ታምኖበታል፤ ለቆጣሪውም የምስጋና ወረቀት ይሰጣል።

«ይኸው፣ በስተርጅና ተመሰገንክልኝ!» አለች።

«ስንት አልሽ?» አሉ።

«ሦስት ሺህ አራት መቶ።»

አባ አስር አውራ ጣታቸውን አዩት። ባለፈው ዓመት ያለፈው ሦስት መቶ አርባ ሽመላ ነው፤ በዓይናቸው ያዩትን አይረሱም። ከስድስት ዓመት በፊት ወፎቹ በመንጋ መምጣቱን ትተው ሦስትም አራትም፣ አንዳንዴም ለብቻቸው ማለፍ ሲጀምሩ፣ በአስር የሚከፈል መንጋ ጠፋ። ያኔ ጣታቸው ማንንም ሳያማክር ለእያንዳንዷ ወፍ ጠቅ ማለት ጀመረ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሳቸው ራሳቸው የተመለጠው ቀደም ብሎ ነበር፣ አሁን ደግሞ ጣታቸው አመለጣቸው። ቅጹ ላይ ግን «በአስር ይባዛል» የሚለው መስመር እንደ ድሮው ነው። የወፎቹን ማለቅ የሸፈኑት እሳቸው በገዛ እጃቸው ነበር።

«ዝም ብትልስ?» አለች ሚስታቸው፣ ነገሩን ነግረዋት ሲገባት። «አንድ ወር ነው የቀረህ። ‹አስር መቁጠር ያቃተው አባ አስር› ነው የሚሉህ፣ ሰፈሩን ታውቀው የለ? የሠላሳ ዓመት ልፋትህንም ውሸት ነው ብለው ይጥሉብሃል።»

«ይበሉኝ። ውሃው ከተሳበ የቀሩትም አይመጡ።»

እንዲህ ይበሉ እንጂ ሦስት ቀን ሙሉ ከቤት አልወጡም። ሌላ ምክንያት የለውም፣ አፍረው ነው። በአራተኛው ቀን ጫማቸውን ጠርገው ቢሮ ሄዱ።

የቢሮው ኃላፊ በዕድሜ ልጃቸው የምትሆን ሴት ናት። እስኪጨርሱ ሰማቻቸውና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አባባ፣ ደብዳቤው እኮ ወጥቷል። በአንድ ሰው ቃል ብቻ መልሱልኝ ብል የበላይ አለቆች አይሰሙኝም። ምናልባት ደክሞዎት ተምታትቶብዎት ይሆናል።»

«መድከሙንስ ደክሞኛል። ግን አልተምታታብኝም። ነዪና አንቺው ቁጠሪ፣ ልጄ።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አብረው ማማው ላይ ወጡ። አባ አስር መሰላሉ ላይ ሦስት ጊዜ አረፉ። መቁጠሪያዋን እጇ ላይ አስቀመጡላትና «ለእያንዳንዷ አንድ ጊዜ ተጫኚ» አሏት። ሽመላዎቹ ከደሴቱ ተነሡ፤ አራት፣ ሁለት፣ ሰባት፣ አንድ ለብቻዋ። ኃላፊዋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ተጫነች። ፀሐይ ሳትሞቅ ሰማዩ ባዶ ሆነ። መስኮቷ ሦስት መቶ አስራ ሁለት ትላለች። ኃላፊዋ ግን ጣቷን መቁጠሪያዋ ላይ እንዳደረገች ደሴቱን ማየቷን አልተወችም።

«አባባ፣ ሌሎቹ ስንት ሰዓት ነው የሚነሡት?»

«ሌሎች የሉም፣ ልጄ።»

ኃላፊዋ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ «በአስር ይባዛል» የሚለውን ሰረዘችው፤ ከሥሩም ስህተቱ የስድስት ዓመት መሆኑን ጻፈችና እንዲፈርሙ ሰጠቻቸው። አባ አስር ፈረሙ።

«ይሄን ይዤ ዛሬውኑ እሄዳለሁ» አለች። «ፓምፑን ማስቀረቴን ግን እንጃ።»

«ሂጂ። የምስጋና ወረቀቴንም በአስር አካፍለሽ ላኪልኝ።»

ሊያስቋት ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም፤ እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው አለቀሱ።